የእውነታን ምንነት ሊያሳይ የተሸጠ ሣጥን፦ ስለ አንድ የፖላራይዘር ጥቅል ግምገማ

ለፊዚክስ ተማሪዎቼ ማሳያ እንዲሆነኝ ያዘዝኩት ጥቅል ሦስት የፖላራይዘር ማጣሪያዎች (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ)፣ አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪና አራት ገጽ መመሪያ የያዘ ነው። ሣጥኑ ገዢው የእውነታን ምንነት በገዛ እጁ እንደሚመረምር ቃል ስለሚገባ፣ እኔም የምገመግመው በዚሁ ቃሉ ነው።

ማጣሪያዎቹ አያሳፍሩም። ሁለቱን ደራርቤ አንዱን 90 ዲግሪ ሳዞረው ብርሃኑ ጠፍቶ ሐምራዊ ጭላንጭል ብቻ ቀረ። ሦስተኛውን በመካከላቸው 45 ዲግሪ አጋድሜ ሳስገባው ግን ጨልሞ የነበረው ክብ መልሶ በራ። ማጣሪያዎቹ እንከን የለሽ ቢሆኑ ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ካለፈው ብርሃን ሩቡ ከመጨረሻው ማዶ ይደርስ ነበር። ባትሪዋ ደካማ ስለሆነች በላፕቶፕ ስክሪን ፊት መሞከር ይሻላል።

ቅሬታዬ በመመሪያው ላይ ነው። ይህ ሙከራ የተመልካቹ ንቃተ ህሊና እውነታን እንደሚፈጥር ያረጋግጣል ይላል፤ አያረጋግጥም። የብርሃኑን መጠን ለማስላት ፈረንሳዊው ማሉስ እ.ኤ.አ. በ1809 ያወጣው ሕግ ይበቃል፤ ብርሃንን እንደ ሞገድ የሚያይ ሰውም ውጤቱን ያለ ጭንቅ ያስረዳል። ጭንቁ የሚመጣው ብርሃኑ ተመናምኖ አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ ብቻ ሲቀር ነው፤ ፎቶን ሩቡ አልፎ የቀረው አይታገድም፣ ወይ ያልፋል ወይ ይቀራል። ታዲያ ማጣሪያው ዘንድ ሳይደርስ ማለፍ አለማለፉን የሚወስን ባሕርይ ይዞ ነበርን?

አንስታይን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1935 የኳንተም ንድፈ ሐሳብ (የአተሞችና የፎቶኖች ፊዚክስ) ይህን የመሰለውን ነገር ስለማይነግረን ጎደሎ ነው ብሎ ተከራከረ። የፊዚክስ ሊቁ ቤል በ1964 ክርክሩን ወደ ልኬት አወረደው፤ አብረው የተፈጠሩ ጥንድ ፎቶኖች መልሳቸውን አስቀድመው ከያዙና በአንደኛው ላይ የሚደረገው ልኬት ራቅ ብሎ ያለውን ሌላውን ካልነካው፣ የውጤቶቻቸው ዝምድና ከተወሰነ ወሰን አያልፍም። በ1969 በተሻሻለው ቀመር ወሰኑ 2 ሲሆን፣ ኳንተም እስከ 2.83 ይፈቅዳል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ አስፔ በ1982 ፓሪስ አጠገብ ሲለካ ከወሰኑ በላይ የሆነ 2.7 ገደማ አገኘ፤ እሱ፣ ክላውዘርና ዛይሊንገር በ2022 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ፎቶኖቹን የቆጠሩት መሣሪያዎች እንጂ የማንም ንቃተ ህሊና አይደለም። የፈረሰውም ሁለቱ የቤል ግምቶች፣ መልስ አስቀድሞ መያዙና ሩቅ ሩቁን አለመንካቱ፣ አብረው ይቆማሉ የሚለው እምነት ነው፤ ኳንተምን በሌላ መንገድ የሚተረጉመው የቦም ንድፈ ሐሳብ ለምሳሌ ቅንጣቶች ሁልጊዜ የታወቀ ቦታ አላቸው ይላል፣ የሚተወው ሩቅ ሩቁን አይነካም የሚለውን ነው። እውነታ የለም ብሎ መደምደም እንግዲህ ችኮላ ነው። መመሪያው ስለ ቤል አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም።

ማጣሪያዎቹን ለመምህራን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። መመሪያውን ግን ከሣጥኑ አውጥቼ በራሴ አንድ ገጽ ተክቼዋለሁ።