ስሙ ስኬት፣ ውሎው መውደቅ፦ ድሬዳዋ ላይ የሰባት ወር ተሞክሮ

«ስኬት» የተባለው የስኬትቦርድ ጌም ሦስተኛ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አዲስ ክፍል ሳይወጣለት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ገና ያልተጠናቀቀ መሆኑ እየተነገረ በነፃ ለተጫዋቾች ሲከፈት፣ ከዚራ በሚገኘው ቤቴ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ጫንኩት። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ተጫውቼዋለሁ። ስሙ በእኛ ፊደል ሲጻፍ የመሳካት ትርጉም መያዙ ፈገግ ያሰኛል፤ ከሚሳካው የሚወደቀው ይበዛልና።

ተከታታዩን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀምር ከሌሎች የለየው፣ ዝላዩ ሁሉ ቁልፍ በመጫን ሳይሆን በቀኙ አናሎግ፣ ማለትም ጆይስቲኩ ላይ በአውራ ጣት በምትገፋው ትንሽ ዘንግ፣ መሠራቱ ነበር። አናሎጉን ወደ ታች ስቦ ወደ ላይ መወርወር «ኦሊ» የሚባለውን ዝላይ ያስገኛል፤ ውርወራው ወደ ጎን ዘንበል ካለ ደግሞ ቦርዱ አየር ላይ ይገለበጣል። የግራው አናሎግ ሰውነትን ስለሚያዞር፣ የቀኙ አውራ ጣት የእግሮቹን፣ የግራው ደግሞ የሰውነትን ሥራ ይይዛል። አዲሱ ጌም ይህን ሳይነካ ማቆየቱ ትልቁ ውለታው ነው። ልጅ ሳለን ከእንጨትና ከኩሽኔታ በሠራነው ጋሪ የከዚራን አስፋልት ቁልቁል ስንወርድ፣ ኩሽኔታው ጠጠር ላይ ቀጥ ሲል ጋሪው ቆሞ እኛ ወደ ፊት እንበር ነበር። ያንን ክብደት፣ ሰውነት ከእንጨቱ ቀድሞ የሚሄድበትን ቅጽበት፣ ጣቴ ላይ መልሶ ያመጣልኝ ሌላ ጌም አላጋጠመኝም። አንድ የደረጃ ብረት ላይ ተንሸራትቼ ለመውረድ ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል፤ የተሳሳትኩት ዝላዩን ሳይሆን ከዝላዩ በፊት የምይዘውን ፍጥነት መሆኑ የገባኝ በሁለተኛው ምሽት ነው።

ጨዋታው የሚካሄድባት ሳን ቫንስተርዳም የተባለች ምናባዊት ከተማ አራት ሰፈሮች አሏት። ከቦርዱ ወርዶ ግድግዳ መውጣትና ከጣሪያ ጣሪያ መዝለል ስለሚቻል፣ መንገዱን ከላይ አይቶ የራስን መስመር መምረጥ ደስ ይላል። የሚሰጡት ተግባራት ግን ከሦስተኛው ወር በኋላ እየተመሳሰሉብኝ መጡ። በገንዘብ የሚሸጡት ልብስና ማስዋቢያዎች በመሆናቸው አንድ ብር ሳላወጣ ቆይቻለሁ።

በነፃ መሰጠቱ ግን እዚህ ከተማ ሌላ ሒሳብ አለው። ብቻዬን ልጫወት ብል እንኳ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ መስመሩ ለአፍታ ሲቋረጥ ከያዝኩት ዝላይ መሐል ወደ መግቢያው ገጽ እመለሳለሁ። ማሻሻያ በመጣ ቁጥር የማወርደው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ ከፍቼው አድራለሁ። ቤቱ ቋሚ ዋይፋይ ላለው ሰው ያለማመንታት እንዲጭነው እመክራለሁ፤ በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ግን ለፓኬጁ የሚከፍለው ለአሮጌው የሦስተኛው ክፍል ዲስክ ቢውል ይሻለዋል። የእህቴ ልጅ ይህን ከእኔ ቀድሞ ተረድቷል፤ መስመሩ ሲጠፋ ምንም ሳይናገር አቧራ የለበሰውን ፕሌይስቴሽን 3 ይሰካል።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ መሣሪያውን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ሴራሚኩ ወለል ላይ፣ ከቬንትሌተሩ ፊት ካስቀመጥኩት ወዲህ ችግር አልገጠመኝም፤ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ግን እኔም እሱም እናርፋለን። የተጎዳው ጆይስቲኩ ነው። አናሎግ ቀኑን ሙሉ እንዲወረወር ታስቦ የተሠራ አይመስለኝም፤ በአምስተኛው ወር የቀኙ ሳይነካ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ አካባቢ ያለ ጠጋኝ ፈትቶ ካየው በኋላ «ወንድሜ፣ በዚህ ምን ስትፈጭበት ነበር?» አለኝ። አናሎጉን በሌላ ቀየረልኝ፤ አዲሱ ትንሽ ስለሚጠነክር ኪክፍሊፕን፣ ቦርዱ አየር ላይ የሚገለበጥበትን ዝላይ፣ እንደገና እየተለማመድኩ ነው።