ገበያው ሲወድቅ የተፈተነ የአክሲዮን አፕ

ገበያው ሲያድግ የማያምር የአክሲዮን መግዣ አፕ የለም። ሁሉም ፈጣን ነው፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። እኔ የምጠቀምበትን አፕ ጠባዩን ያወቅኩት በማርች 2020 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ በአምስት ሳምንት ውስጥ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። መለኪያው በአንድ ቀን 7 በመቶ ሲወርድ ግብይቱ ለ15 ደቂቃ ይቆማል። በዚያ ወር አራት ጊዜ ቆሟል።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ገበያው እንደተከፈተ አፑ አላስገባ አለኝ። ክቧ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች። ደንበኞች አገልግሎት ስደውል ሙዚቃ ብቻ። ስሙን አልጠቅስም፤ በዚያ ሰሞን የሱ ብቻ ችግር አልነበረም።

የባሰው ግን ሌላ ነው። «ግዛ» የሚለውን ስትነኩ አፑ በራሱ የሚመርጥላችሁ ማርኬት ኦርደርን ነው። ይህ ማለት በተገኘው ዋጋ ግዛልኝ ማለት ነው። ዋጋ በሰከንድ በሚዘልበት ቀን ይሄ አያዋጣም። «ከዚህ በላይ አልከፍልም» የሚያስብለው ሊሚት ኦርደር አለ፣ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ተደብቋል። «ዋጋው እዚህ ከወረደ ሽጥልኝ» የሚያስብለው ስቶፕ ሎስም አለ። አትታለሉ! ዋጋው ያላችሁት ላይ ሲደርስ ሽያጩ ይጀመራል እንጂ በዚያው ዋጋ ለመሸጡ ዋስትና የለም።

አሁን ወደ ጥሩው። በየወሩ በራሱ ኢንዴክስ ፈንድ (በአንድ መለኪያ ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች አክሲዮን በአንድ ላይ የሚይዝ ፈንድ) የሚገዛልኝ አገልግሎት አንድም ቀን አላሳፈረኝም። እኔ ስፈራም እሱ ይገዛል። ለምን እንደምወደው ልንገራችሁ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ድረስ 57 በመቶ ገደማ ወድቆ፣ የትርፍ ድርሻውን ሳንቆጥር፣ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2013 ነው። ገንዘቡን በሙሉ ጫፉ ላይ ያስገባ ሰው ከአምስት ዓመት በላይ ጠበቀ። ወር በወር ሲገዛ የቆየው ግን፣ ርካሹንም ስላገኘ፣ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ትርፍ ውስጥ ገባ። 2020 ላይ ደግሞ መለኪያው በኦገስት ተመልሶ ቁጭ አለ። የቱ ዓይነት ቀውስ ውስጥ እንዳለን ደግሞ መሃል ላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ብድሩን ግን አትንኩት። ገበያው በወረደ ቁጥር አፑ «ተበድረው ይግዙ» የሚል ማስታወቂያ ይልክልኛል። ያስያዛችሁት አክሲዮን ዋጋው ሲወርድ ገንዘብ ጨምሩ ትባላላችሁ። ካልጨመራችሁ፣ አንዳንዴም ሳትጠየቁ፣ ይሸጡባችኋል። ያውም ዋጋው መሬት በነካበት ሰዓት።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለዚያች ለምትሽከረከር ክብ ነው። ሌላውን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ላለው «ዛሬ በጣም የወደቁ» ለሚለው ዝርዝር፤ ከየስሙ ጎን «ግዛ» የሚል ቁልፍ ተሰክቶበታል። የአሜሪካው ባንክ የሊማን ብራዘርስ አክሲዮንም እኮ ረከሰ ተብሎ ተገዝቶ ነበር። ባንኩ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ኪሳራ አወጀ፣ የገዙትም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ማሳወቂያዎቹን አጥፍቻለሁ፣ ለዝርዝሩ ግን ማጥፊያ የለውም። ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍኩ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብለው ብድር እፈልግ እንደሆነ ጠየቁኝ።