ዋይፕአውት ኦሜጋ ኮሌክሽን ከስምንት ወር በኋላ፦ ዋጋውን የመለሰችው የሰርክል ቁልፍ ናት

ዋይፕአውት ኦሜጋ በፕሌይስቴሽን 4 የሚጫወቱት፣ መሣሪያ በታጠቁ ተንሳፋፊ መንኮራኩሮች የሚወዳደሩበት ጌም ነው። ይህን ጌም የሚሸጥ ሰው አፉን የሚፈታው በምስሉ ጥራት፣ በ4ኬ እና በ60 ፍሬም ነው። ከዚያ ሮኬቱን፣ ሚሳይሉን፣ ፕላዝማውን ይደረድራል። «እየነዳህ ትተኩሳለህ!» ወንድሜ፣ የሸጥከውን ዕቃ አታውቀውም። እዚህ ጌም ላይ ቀድሞ የሚገባው የተኮሰው ሳይሆን የዋጠው ነው።

መንገዱ ላይ ያሉትን የመሣሪያ ምልክቶች ስትረግጡ አንድ መሣሪያ ይደርሳችኋል። የስኩዌር ቁልፍ ይተኩሰዋል። ሰርክል ደግሞ መሣሪያውን አቅልጣ ወደ ጋሻ ኃይል ትለውጠዋለች፤ መዋጥ የምለው ይህን ነው። ጋሻ በውድድር መሀል ዝም ብሎ አይሞላም። ግድግዳ በነካችሁ፣ በተመታችሁ ቁጥር ይጎድላል፤ ሲያልቅ መንኮራኩሯ ትፈነዳለች። በአንዳንድ የድሮ ዋይፕአውቶች ከዋናው መንገድ ገንጠል ብሎ ጋሻ የሚሞላበት መስመር ነበር። በ2005 በእጅ ለሚያዘው ፒኤስፒ የወጣው ዋይፕአውት ፒዩር ያንን አስቀርቶ መዋጥን አመጣ፤ ኦሜጋም የወረሰው ይህንኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ መከላከያ ብቻ ይመስላል። ሚስጥሩ ያለው በረል ሮል የሚባለው የአየር ላይ ግልበጣ ላይ ነው። መንኮራኩሯ ከጉብታ ላይ ተስፈንጥራ አየር ላይ ሳለች ዱላውን ግራ-ቀኝ-ግራ (ወይም በተቃራኒው) ቶሎ ቶሎ ስትመቱት ትገለበጣለች፤ ስታርፍ ደግሞ ተጨማሪ ፍጥነት ታገኛለች። ክፍያው ከጋሻ ይቆረጣል። አሁን ሒሳቡን አያይዙት፦ መሣሪያ ጋሻ ይሆናል፣ ጋሻ ፍጥነት ይሆናል። ከፊታችሁ ማንም በሌለበት ሰዓት የደረሳችሁ ሚሳይል የትም አይሄድም፤ ሲዋጥ ግን የሚቀጥለውን ጉብታ ይከፍልላችኋል። እንቅስቃሴው መጀመር ያለበት መሬቱን ለቃችሁ እንደወጣችሁ ነው። ዘግይቶ የተጀመረ ግልበጣ ሳያልቅ ያርፋል።

ታዲያ ሁሉም አይዋጥም። ፍጥነት የሚጨምረው ተርቦ የሚያዘው የመንኮራኩሯ አፍንጫ ቀጥ እስኪል ነው፤ መታጠፊያ መሀል የተጫነ ተርቦ ወስዶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋችኋል። ሮኬት ዒላማ አይከተልም፣ ቀጥ ያለ መንገድና ቅርብ ጠላት ይፈልጋል። ፕላዝማ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ለመሙላት ጊዜ ስለሚወስድ ጠመዝማዛ ላይ አትድከሙበት፣ ዋጡት። ኩዌክ መንገዱን እንደ ማዕበል እያነሳ ከፊት ያለውን ሁሉ የሚመታ ነው፤ አራተኛ አምስተኛ ሆናችሁ ስትከተሉ ተኩሱት፣ ስትመሩ ግን ምን ታደርጉበታላችሁ? ፈንጂ የመሪ መሣሪያ ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ይጣል።

ይህን ሁሉ ስክሪኑ ጥግ ያለውን ትንሽ ምልክት እያዩ ማድረግ አይቻልም። ለዚህ ነው የድምፁ ማስተካከያ ዋጋ ያለው። መሣሪያ ሲደርሳችሁ የሴት ድምፅ ስሙን ትጠራለች፤ የሚመጣባችሁንም ታስጠነቅቃለች። ሙዚቃውን ቀነስ፣ ኢፌክቱን ከፍ አድርጉት። ጆሮ ከለመደ ዓይን መንገዱ ላይ ይቀራል፣ በተለይ ፋንተም ላይ። ከአራቱ የፍጥነት ደረጃዎች ላይኛው እሱ ነው፤ እዚያ የአንድ ቅጽበት መዘናጋት ይበቃል። ደመና ላይ የተዘረጋውና አንዳንድ ቦታ ጠርዙ ክፍት የሆነው ሶል 2 የሚባለው መንገድ ደግሞ ለተዘናጋ ጨርሶ አያዝንም።

ፓይለት አሲስት የሚባለውን የመንዳት ረዳት ከሳምንት በኋላ አጥፉት። ከግድግዳ ያርቃል፣ ግን እጅ ያበላሻል። የግራና የቀኝ ፍሬን የሆነውን ኤር ብሬክ ኤል2 እና አር2 ቁልፎች ላይ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መታጠፍ መማር የሚቻለው እሱ ሲጠፋ ነው። አንድ የሚያበሳጭ ነገር አለ፦ ኤር ብሬኩን ሁለቴ ቶሎ ከነካችሁት መንኮራኩሯ ወደ ጎን ትዘላለች። ፊፋ ላይ ቁልፍ መቀጥቀጥ የለመደ ጣት በዚህ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ያገኛል። መድኃኒቱ አንዴ ተጭኖ መያዝ ነው።

የቀረው እንደተባለው ነው፤ 26 መንገድ፣ 46 መንኮራኩር፣ ኤችዲ፣ ፊዩሪና 2048 የተባሉት የቀድሞ ዋይፕአውቶች በአንድ ዲስክ። የ2048ቱ ክፍል የመሣሪያ ምልክቶቹን በቀለም ይለያል፣ ቢጫው ለማጥቃት፣ አረንጓዴው ለመከላከል። ይመቻል፣ ግን ሰርክል ያን ያህል አታስፈልጋችሁም፤ እኔ የትኛው መሣሪያ እንደሚደርስ የማይታወቅበትን የኤችዲውን ዕድል እመርጣለሁ። ከመንኮራኩሮቹ ለጀማሪ ፌይሳር ትሻላለች፣ መሪዋ ታዛዥ ነው። ትሪያኪስ ጋሻዋ ወፍራም ስለሆነ ግልበጣ ላይ ትለግሳለች፣ መታጠፍ ላይ ግን ግትር ናት።

ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ መጫወትም አለ፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለሚይዘው ሰው ስኩዌርን ብቻ አሳዩት።