ባለሞላ ሰዓት ወይስ የዝሆን ጥርስ የፀሐይ ሰዓት?

በ16ኛው መቶ ዘመን በጀርመኗ ኑረምበርግ ሰዓት ይዞ መንቀሳቀስ የሚሻ ሰው ሁለት አማራጭ ነበረው፦ እንደ ፒተር ሄንላይን ያሉ ቁልፍ ሠሪዎች የሚሠሩት ባለሞላ ሰዓት፣ ወይም እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ የሚዘረጋው የዝሆን ጥርስ የፀሐይ ሰዓት።

ዋጋ፦ ባለሞላው የመሳፍንትና የባለጸጎች ንብረት ነበር፤ የፀሐይ ሰዓቱ ለነጋዴና ለመንገደኛም ይደርሳል።

ትክክለኛነት፦ እዚህ ላይ ውድድር የለም። ባለሞላው የሚያመለክተው ሰዓትን ብቻ እንጂ ደቂቃን አይደለም፤ ሞላው እየላላ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ ስለሚቀንስም ይዛባል፣ ባለቤቱም ለማስተካከል መልሶ የፀሐይ ሰዓት ይፈልጋል (ለዚያ ሁሉ ወጪ ትንሽ የሚያሳፍር ነው)።

ችግር፦ የፀሐይ ሰዓቱ በደመናና በሌሊት አይሠራም፣ በኮምፓስ ወደ ሰሜን መቃናትም አለበት።

ክብር፦ ባለሞላው የሚያሸንፈው በዚህ ነው። ዛሬ በአሜሪካ፣ ባልቲሞር በዋልተርስ ሙዚየም የሚገኘው የጀርመናዊው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የፊሊጶስ ሜላንክቶን ሰዓት ክብ ኳስ የመሰለ ሲሆን፣ ሽፋኑ ሳይከፈት ሰዓቱ እንዲታይ ተበሳስቷል፤ አንዴ ሲጠመዘዝ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይሠራል። በላዩ የባለቤቱ ስም፣ «ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍና 1530 የሚለው ዓመት (በአውሮፓ አቆጣጠር) ተቀርጸዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ከመሣሪያነቱ ይልቅ የባለቤቱን እምነት፣ ትምህርትና ማዕረግ በአደባባይ የሚገልጽ ጌጥ ነበር።

ስለዚህ ገበያ ለገበያ ለሚዞር ነጋዴ የፀሐይ ሰዓቱ ያዋጣል፤ በመሳፍንት ግቢ ለሚታይ ወይም በሌሊት ለሚያጠና ሰው ደግሞ ባለሞላው ይስማማል፤ አቅሙ የፈቀደለት ግን ሁለቱንም ቢይዝ ይሻለዋል።