ሰም፣ ጎማ ወይስ ገበርዲን? የብሪታንያ የዝናብ ልብስ ለመግዛት ላሰበ

ባለፈው ጥቅምት የአክስቴ ልጅ ደውላ «አዲስ ባርበር የዝናብ ጃኬት በ60 ፓውንድ አገኘሁ» ስትለኝ ሳላየው ሐሰተኛ መሆኑን ነገርኳት። አልሰማችኝም። ዕቃው ሲደርስ ከላይ የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር፣ ዚፑ በሁለተኛው ቀን ጥርሱ የረገፈ፣ የትከሻው ስፌት በመጀመሪያው ካፊያ ውኃ የሚያሳልፍ ሆነ። ሻጩ ደብዛው ጠፋ፤ 60 ፓውንዷንም ውኃ በላው። እዚህ ለንደን ዘመድና ወዳጅ በየመስከረሙ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ስለሆነ፣ ለእርሷ የነገርኳትን ለሁሉም አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

ከዋጋ ልጀምር። ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሦስት ነው፦ በሰም ስለተነከረው ባርበር፣ ስለ ጎማው ማኪንቶሽ እና ስለ ገበርዲኑ በርበሪ። የባርበር ቢዴል ጃኬት አዲሱ ከ250 ፓውንድ ትንሽ ከፍ ይላል። የማኪንቶሽ የጎማ ካፖርት ወደ 1000 ይጠጋል። የበርበሪ ትሬንች ኮት ወደ 2000 የሚጠጋ ሲሆን፣ ዋጋው እንደ ስሙ ያቃጥላል። በአንድ በርበሪ ሰባት ባርበር ተገዝቶ ለታክሲ ይተርፋል።

ስለ በርበሪ ብዙ አልልም። ቶማስ በርበሪ በ21 ዓመቱ፣ በ1856 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ቤዚንግስቶክ ላይ ሱቅ ከፈተ፤ በ1879 ደግሞ ገበርዲንን ፈጠረ። ብልሃቱ ቀላል ነበር፦ ጨርቁን ከተሸመነ በኋላ ከመንከር ይልቅ ክሩን አስቀድሞ ውኃ እንዳያስገባ ማድረግ፣ ከዚያም ጠበቅ አድርጎ መሸመን። ኖርዌያዊው አሳሽ አሙንድሰን በ1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ የበርበሪን ገበርዲን ይዞ ነበር። አባቶቻችን «ገበርዲን» የሚሉት ጨርቅም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅና ለሠርግ ያምራል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚወርድ ዝናብ ግን አይሆንም። ባለ መስመሩን ገበር ደግሞ የማይኮርጅ የገበያ ድንኳን የለም።

የማኪንቶሽ ታሪክ ከሁሉም ይጥመኛል። ቻርልስ ማኪንቶሽ የግላስጎው ኬሚስት ነበር። ከከተማዋ የጋዝ ፋብሪካ የሚወጣውን የድንጋይ ከሰል ሬንጅ እየገዛ ለማቅለሚያ ሥራው የሚሆነውን ያወጣ ነበር፤ ከሬንጁ የሚገኘው ናፍታ ጎማ እንደሚያሟሟ ሲያይ፣ የሟሟውን ጎማ በሁለት ጨርቆች መካከል ለጥፎ በ1823 የፈጠራ መብት አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ካፖርቶች በብርድ እንደ ጣውላ ይደርቁ፣ በሙቀት ይጣበቁ፣ ሁልጊዜም ይሸቱ ነበር። ልብስ ሰፊዎችም በመርፌ ሲበሱት በቀዳዳው ውኃ ያስገባ ነበር። ቶማስ ሃንኮክ በ1843 ጎማን በብርድና በሙቀት እንዳይለዋወጥ በድኝ ማብሰልን ባያስመዘግብ ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር።

ዛሬም ስኮትላንድ ከምበርኖልድ ውስጥ ስፌቱን በእጅ ሙጫ እየቀቡ ይለጥፉታል። ከውጭ ጠብታ አያስገባም፤ እውነት ነው። ከውስጥ ግን አያስወጣም። ባቡር ለመያዝ ከሮጣችሁ ሸሚዛችሁ ከላባችሁ ይርሳል፣ ዝናቡ ያላደረገውን እናንተው ታደርጉታላችሁ። ጥገናው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ወዳጄ ያለ ልክ የሚወደውን የጎማ ካፖርት ሰፈሩ ላለ ላውንደሪ ሰጠ፤ እነርሱም እንደ ማንኛውም ኮት በኬሚካል አጠቡት። ሲመለስ የስፌቱ መለጠፊያ እንደ አሮጌ ቴምብር ተነስቷል። 1000 ፓውንድ! እንኳን ካሳ ይቅርታም አላገኘ።

እንግዲህ ወደ ባርበር። ጆን ባርበር በ1894 ሳውዝ ሺልድስ በምትባለው የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የወደብ ከተማ ሱቁን ሲከፍት ደንበኞቹ ዓሣ አጥማጆች፣ መርከበኞችና የወደብ ሠራተኞች ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የ«ኡርሱላ» ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ለመርከበኞቹ ልብስ ያሠራው ከዚሁ የሰም ጨርቅ ነው። የቤተሰቡ ተወላጅ የሆነው ባሏ በ1968 ሲሞት ሥራውን የተረከበችው ማርጋሬት ባርበር በ1980 ቢዴልን፣ ቀጥሎም ቦፎርትን አወጣች። ቢዴል ለፈረስ ጋላቢ ታስቦ ከኋላው የተሰነጠቀ ነው። ቦፎርት ረዘም ይላል፤ ከጀርባው አዳኞች ወፍ የሚከቱበት ሰፊ ኪስ አለው። እኔ ዳቦ እከትበታለሁ።

ጨርቁ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ፦ ጧፍ ነው። የጥጥ ፈትል በሰም ተነክሮ። ጧፍ የያዘ ጣት ላይ የሚቀረው ነገር ባርበር የነካ ጣት ላይም ይቀራል፤ ካልቀረ ሰሙ ደርቋል ወይም ዕቃው ሐሰተኛ ነው። የአክስቴ ልጅ ጃኬት ላይ ጣቴን ሳሻሽ ደረቅ ነበር፣ እንደ ላስቲክ ከረጢት።

እኔ አዲስ ግዙ አልልም፤ ልባሽ ግዙ። ዕድሜውን የሚነግራችሁ ከውስጥ ያለው ምልክት ነው። የኤድንብራው መስፍን በ1974፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1982፣ የያኔው ልዑል ቻርልስ በ1987 ለኩባንያው የቤተ መንግሥት አቅራቢነት ማዕረግ ሰጥተዋል፤ ለእያንዳንዱ ማዕረግ ምልክቱ ላይ አንድ አርማ ይታከላል። ስለዚህ ከድሮዎቹ ጃኬቶች አንድ አርማ ያለው ከ1982 በፊት፣ ሁለት ያለው ከ1987 በፊት፣ ሦስት ያለው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ሻጭ «የ1970ዎቹ ቅርስ ነው» ብሎ ዋጋ ሲሰቅል ቁጠሩና ሦስት ካገኛችሁ ሳቁበት። የብብቱን ስፌትና የኪሱን ጠርዝ በብርሃን እዩ፤ መጀመሪያ የሚቀደዱት እነርሱ ናቸው።

የእኔን በ95 ፓውንድ ገዛሁ። ዚፑ ሲበላሽ ሦስት ልብስ ሰፊዎች ጋ ዞርኩ፤ ሦስቱም ሰሙ የስፌት መኪናችንን ያበላሻል ብለው መለሱኝ። በመጨረሻ ሳውዝ ሺልድስ ወዳለው የኩባንያው ጥገና ክፍል ላክሁት፤ 45 ፓውንድና ጥቂት ሳምንታት ወሰደ። ሰሙን በየዓመቱ ራሴ እቀባለሁ። ጣሳውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ፣ በጨርቅ እያሹ ስፌቱ ላይ ማብዛት፣ በጸጉር ማድረቂያ ማስረጽ፣ አሳድሮ መስቀል። አንዱ ጣሳ 12 ፓውንድ፣ በአሥር ዓመት 120። ድምሩ 260፣ በዓመት 26 ፓውንድ ማለት ነው። ቆሻሻውን በቀዝቃዛ ውኃና በስፖንጅ ብቻ ጥረጉ። ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ማጠቢያ መኪና ሰሙን ጠርገው ያወጡታል፤ ያን ጊዜ የቀራችሁ ተራ የጥጥ ጃኬት ነው።

ጉዱንም አልደብቅም። ይሸታል፤ በተለይ አውቶቡስ ውስጥ ሲሞቅ ጎረቤታችሁ ቦታ ይቀይራል። የነካውንም ያቀባል። አንድ ክረምት ወደ አገር ቤት ስሄድ ለአጎቴ ይሆናል ብዬ አንዱን ባርበር ከእናቴ ነጭ ነጠላ ጋር በአንድ ሻንጣ አጨቅሁት። ነጠላው አረንጓዴ ቅባት ለብሶ ወጣ፤ እናቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። አጎቴ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ለብሶት «ይሄ ገሳ ነው፣ እጅጌ የወጣለት» አለ። ጃኬቱን እንደዚያ ያደነቀው ሰው አላየሁም።

የአክስቴ ልጅ በኋላ ሁለት አርማ ያለው ቢዴል በ85 ፓውንድ አገኘች። አንድ ኪሱ ተቀዶ ነበር፤ ኩባንያው ጣፈላት። ኅዳርን ሙሉ ሳትርስ ከረመች። እኔ መኪና ውስጥ ግን ጃኬቷን ሳታወልቅ አትገባም።