የተሰነጠቀው ጥቁር ንጉሥ፦ ከእንጨት ቼዝ ጋር አንድ ዓመት

ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ልንጫወት ጠጠሮቹን ስደረድር፣ በጥቁሩ ንጉሥ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ። ከመቀመጫው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ ወገቡ ወጥቷል። ንጉሡ አልወደቀም፣ ልጅም አልነካውም፤ ሣጥኑ ውስጥ እንደተኛ ነው የተሰነጠቀው። የዚያን ዕለት ጨዋታው ቀረ።

ዕቃውን ባለፈው ሰኔ ከአዲስ አበባ ገዝቼ ደሴ ሳመጣው የሦስት ወር ደመወዜን ከፍዬበታለሁ። በሕንድ አምሪትሳር ከተማ የተሠራ ነው፤ ነጩ ቦክስውድ ከሚባል ፈዛዛ ቢጫ እንጨት፣ ጥቁሩ ሻጮች ኢቦኒ ከሚሉት ከዞጲ፣ የንጉሡ ቁመት 9.5 ሳንቲ ሜትር። ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ1849 ለንደን ላይ ለገበያ የቀረበውና በእንግሊዛዊው ተጫዋች በሃዋርድ ስታውንተን ስም የሚጠራው፣ ዛሬ በየውድድሩ የምናየው ነው። ለጨዋታ ስለመመቸቱ የምለው የለኝም፤ ይመቻል።

ገንዘቤን የወሰደው ፈረሱ ነው። ሌሎቹ ጠጠሮች በቶርኖ ይወጣሉ፤ የፈረሱን ራስ ግን ጠራቢው በእጁ፣ በመሮ ነው የሚያወጣው። በመብራት አስጠግታችሁ ብታዩት የአፍንጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተፈልፍሏል፣ ጥርሱ ተለይቷል፣ የጋማው መሥመር ከጆሮው ሥር ተነሥቶ እየቀጠነ ይወርዳል። ከአራቱ በአንደኛው ነጭ ፈረስ ላይ መሮው አንድ መሥመር ስቶ ወደ አንገቱ ገብቷል፤ እሱን ከሌሎቹ አብልጬ እወደዋለሁ፣ ሰው እንደሠራው የሚመሰክርልኝ እሱ ነውና።

ሻጩ ግን «ዞጲ እንደ ብረት ነው፣ ለልጅ ልጅህ ይተርፋል» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ፊቱ ብቆም የምለው ይህን ነው፦ ወንድሜ፣ ውሃ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ የከበደ እንጨት በቀላሉ አይደርቅም፤ ውስጡ እርጥበት እንደያዘ ከተጠረበ ደግሞ በኋላ ቤቴ ውስጥ ይደርቃል። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፣ በወርዱ ግን ይሸበሸባል። ጠጠሩ እንዲከብድ ከሆዱ የተቀበረው ብረት ደግሞ አይሸበሸብም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክረምቷ ጭጋግ፣ በጋዋ ደረቅ ነፋስ ነው፣ ቤት ውስጥም ከሰል ይነዳል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ዝም ማለት አልነበረበትም፤ የማያውቅ ከሆነም ስለ ጥንካሬው መማል አልነበረበትም።

እኔ በማግስቱ ሙጫ ልሞላበት ነበር። ሰኞ ገበያ አጠገብ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ ብወስደው ንጉሡን ገልብጠው አረንጓዴውን ጨርቅ በካራ ጫፍ ላጡና ብረቱን አሳዩኝ፤ ዙሪያውን በደረቅ ማጣበቂያ ተደፍኖ ለእንጨቱ መተንፈሻ አልተተወለትም። «ልጄ» አሉኝ፣ «እንጨት ብረት ታቅፎ ሲደርቅ ከመፈንዳት ሌላ ምን ይሁን? አሁን ሙጫ ከሞላህበት ዝናብ ሲመጣ የሚያብጥበት ያጣል፣ ለከርሞ ከዚህ የባሰ ይከፈታል። በልግን ጠብቅለት።» ማጣበቂያውን ፈቅፍቀው አወጡና በቦታው ሰም አፈሰሱበት፤ ሰም ሲጫኑት ቦታ ይለቃል።

እንዳሉት ሆነ። የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ከበረታ በኋላ ስንጥቁ እየጠበበ ሄደ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ጥፍሬ አልገባ አለው፤ አሁን ብርሃን ላይ ሲዘነብል ብቻ እንደ ፀጉር ይታያል። ነጮቹ 16ቱም፣ ከጥቁሮቹም 15ቱ ደህና ናቸው፤ የጥቁሯን ንግሥት ግን በየሳምንቱ ገልብጬ አያታለሁ።

መግዛቴን አልጸጸትበትም። ይህን ያህል ዋጋ የሚጠይቅ ሠሪ በብረቱ ዙሪያ የስንዴ ቅንጣት ያህል ክፍተት መተው ነበረበት፤ ያን ፈረስ ላወጣ እጅ ይህ የሚከብድ ሥራ አልነበረም። ወደ ደጋ አገር የምትወስዱት ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት እንጨቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደደረቀና ብረቱ በምን እንደተያዘ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ ጥቁሩ ወገን ከቦክስውድ ተሠርቶ ቀለም የተቀባውን ውሰዱ፣ ፈረሱ ያው ፈረስ ነው።

የተላጠው ጨርቅ ተመልሶ አልተጣበቀም። አናጢው ከአያቴ አሮጌ ባና ጫፍ ክብ ቆርጠው ለጠፉበት፤ ጥቁሩ ንጉሥ አሁን በወሎ በግ ጠጉር ላይ ቆሞ ይጫወታል።