ከአርቤጎና ጭቃ ሞተሬን ያወጡልኝ የአቶቴ ልጆች

ሐዋሳ ውስጥ በሞተር ሳይክል የምትሠሩ ሰዎች ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። በተለይ ሥራችሁ ገጠር የሚያስወጣችሁ። የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም እንደኔ የእንስሳት ሐኪም ከሆናችሁ፣ አንድ ቀን የማይንቀሳቀስ ሞተር ይዛችሁ ጭቃ መሃል መቆማችሁ አይቀርም።

የምነዳው ያማሃ ዲቲ 125 ነው። አሮጌ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው። ባለፈው ነሐሴ ለክትባት ሲዳማ ውስጥ ወዳለችው አርቤጎና ወረዳ ወጣሁ። አካባቢውን ለማታውቁት፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው የጋራምባ ተራራ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ነሐሴ ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። የእግር መንገዱ እንሰትና ቀርከሃ መሃል የሚሄድ ቀይ ጭቃ ነው። ከጠጠር መንገዱ ወጥቼ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ገብቻለሁ። አንድ ቁልቁለት ወርጄ አቀበቱን ልጀምር ስል ከሥሬ "ቋ!" አለ። የኋላው ጎማ ቀጥ አለ።

ካቴናው ተበጥሷል። መበጠሱ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ተጨማድዶ ካቴናውን የሚያዞረው የፊት ጥርስ ላይ ተጠቅልሏል፣ ከኢንጅኑ ሽፋን ጋርም ተቀርቅሯል። ፎሌ ባደርገው፣ ፍሪሲዮን ብይዝ ጎማው ንቅንቅ አልል አለ። ሞተሩ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ከኋላ ደግሞ የአባ ሰንጋ ክትባት የያዘ ሳጥን ታስሯል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ከብቶቻቸውን አሰባስበው የሚጠብቁኝ ገበሬዎች አሉ። ከሞተሩ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነበር።

መጀመሪያ የደወልኩት መኪና ጎትቶ በማምጣት ለሚሠራ አንድ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም። "ስንት ትከፍላለህ?" አለኝ። ተስማማን። "መጣሁ" አለ። ሁለት ሰዓት ጠብቄ ስደውል፣ "መኪናዬ ከአስፋልት አይወጣም" አለኝ። የት እንዳለሁ ከመጀመሪያው ነግሬዋለሁ። ያኔውኑ "አልችልም" ቢለኝ ኖሮ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።

ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ያለውን ጋራዥ ስልክ ሰጠኝ። ጋራዡ ታፔላ የለውም። በሩ ቀይ ነው፣ ግቢው ውስጥ የተፈቱ ሞተሮች ተደርድረዋል። ባለቤቱ ስልኩን ሲያነሳ ስለ ገንዘብ አልጠየቀኝም። "ጎማው ይዞራል?" አለኝ። "ኢንጅኑ ሞቷል ወይስ ካቴና ነው? ከጠጠሩ ምን ያህል ገብተዋል? ምን ጭነዋል?" ሁሉንም ነገርኩት። "ዶክተር፣ እባክዎ እንዳይገፉት፣ እንዳይጎትቱትም። የኢንጅኑ ሽፋን ከተሰነጠቀ ሌላ ወጪ ነው" አለኝ። ዋጋውን የነገረኝ ከዚህ በኋላ ነው። ጋራዥ ድረስ 6,500 ብር። እውነት ለመናገር ለኪሴ ከባድ ነው። ግን ደርሰው ሲያዩት አልጨመሩም፣ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላም አልጨመሩም።

እስኪመጡ አንዲት እናት ቤታቸው አስገቡኝ። ከእንሰት የሚሠራውን የሲዳማ ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ በትኩስ ቅቤ አቀረቡልኝ፣ ሳጥኑን ደግሞ ከእሳቱ አርቀው ከእንሰቱ ጥላ ሥር አስቀመጡልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ፒካፑ ጠጠሩ ላይ ቆመ፣ አንድ ወጣት መካኒክ በራሱ ሞተር ወደ ውስጥ ገባ። ከቦርሳው መጀመሪያ ያወጣው መፍቻ አይደለም። በፌስታል የታሰረ በረዶ ነው። ከሐዋሳ ዓሣ ቤት ገዝተው ነው የመጡት። ግማሹ ቀልጧል፣ ግማሹ ግን በቂ ነበር። ክትባቱን በቀጥታ እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። "ምን ጭነዋል?" ያለኝ ለዚህ ኖሯል። እስከዛሬ ሳስበው ልቤን ይነካኛል።

ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። የጥርሱን ሽፋን ፈታ። ካቻቢቴውን ካቴናው ሥር አስገብቶ በመዶሻ ቀስ እያለ መታው፤ በኃይል አይደለም፣ እንደ በር ማንኳኳት። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ካቴናው እንደተቋጠረ ወጣ። ጣቱን በኢንጅኑ ሽፋን ዙሪያ አስኬደ፣ ዘይት አለመፍሰሱን አየ፣ "ዳነ" አለ። ጎማው ዞረ።

አጎታተቱን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ገመዱን በራሱ ሞተር የቀኝ እግር መርገጫ ላይ አሰረ። የኔ ላይ ግን አላሰረም። በግራ መርገጫዬ ላይ አንዴ ብቻ አዞረና ጫፉን ከጫማዬ ሥር አደረገው። "ይርገጡት። ከተንገዳገዱ እግርዎን ያንሱ፣ ገመዱ ራሱ ይለቃል" አለኝ። መሪ ላይ የታሰረ ገመድ መሪውን ጠምዝዞ ሰው ይጥላል። እኔ ራሴ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መሪ ላይ አስሬ ተጎትቻለሁ፤ ከእንግዲህ አላደርገውም። አንድ መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዬ ሸርተት ሲል እግሬን አነሳሁ። ገመዱ ሾልኮ ወጣ፣ እኔም ቆምኩ። አልወደቅኩም።

የመጨረሻው አቀበት ግን ለመጎተትም አልሆነም። የሱም ጎማ ባዶውን መሽከርከር ጀመረ። የመንደሩ ጎልማሶች ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ቆርጠው አመጡ። ቀርከሃዎቹን ከሞተሩ ሥር በገመድ አስረው፣ በሽተኛ በቃሬዛ እንደሚወስዱት ስድስት ሆነው ተሸከሙት። መካኒኩ ከጎን ሆኖ መሪውን ይዞ አብሯቸው ወጣ። ላይ ሲደርሱ ለቡና ብሎ ከኪሱ ሰጣቸው። ሒሳቤ ላይ ይደምረዋል ብዬ ነበር፤ አልደመረውም።

ቅር ያለኝን ደግሞ ልናገር። ፒካፑ ላይ ሞተር የሚያወጡበት አንድ ጠባብ ጣውላ ብቻ ነው። በጭቃ ረጥቦ ያንሸራትታል። ስንጭነው ሞተሩ አንዴ ሊገለበጥ ደርሶ ነበር፣ እኔም ደንግጬ ጮህኩ። ሰፋ ያለ፣ መያዣ የተበየደበት ጣውላ ቢያሠሩ ጥሩ ነው። ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፣ "ልክ ነዎት" ብሎኛል። ደረሰኝም ያለ ጥያቄ አይሰጡም። መሥሪያ ቤታችሁ ወጪውን የሚተካላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አስተሳሰራቸው ግን እንከን የለውም። የፊት ሾኩን ወደ ታች እስኪጫን ድረስ በሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ግራና ቀኝ ወጥረው ያዙት። ከኋላ ጎማው ሥር አሮጌ ጎማ አደረጉ። ሐዋሳ እስክንገባ ሞተሩ አልተነቃነቀም። መካኒኩ በየመሃሉ መኪናውን እያስቆመ ማሰሪያውን በእጁ ይሞክር ነበር።

ሳጥኑን በማግስቱ በባልደረባዬ ሞተር መልሼ ወሰድኩት። ቴርሞሜትሩ 6 ዲግሪ ላይ ነበር። ከብቶቹ ተከተቡ። የኔ ሞተር በሦስተኛው ቀን አዲስ ካቴና ከነጥርሶቹ ተገጥሞለት ወጣ። ካቴናውን ብቻ ቀይሩልኝ ብዬ ነበር። ባለቤቱ የተበላውን ጥርስ ከአዲሱ አጠገብ አድርጎ አሳየኝና፣ አሮጌ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ እንደሚበላው አስረዳኝ። አሮጌውን ጥርስ ቤት ወስጄዋለሁ። ጫፎቹ እንደ መንጠቆ ተቀልብሰዋል።

የምትሄዱ ከሆነ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም። እሑድ ግን ይሠራሉ።